ደቦና ዕድር፦ ስለ ክፍት ሶፍትዌር የጥቅል ሥራና ስለ ሕዝብ መዋጮ አጭር ታሪክ

የብራና መጽሐፍ ለአንባቢ እጅ ከመድረሱ በፊት በብዙ ባለሙያዎች እጅ ያልፋል። ደራሲው ቃሉን ይደርሳል፤ ብራና ፋቂው ቆዳውን ወጥሮ፣ ፍቆና አለስልሶ ለጽሕፈት ያዘጋጃል፤ ቁም ጸሐፊው ቀለም በጥብጦ፣ ብርዕ ቀርጾ ይጽፋል፤ ደጓሹ ጥራዙን ሰፍቶ በገበታ ያስርና ቆዳ ያለብሰዋል፤ በመጨረሻም ማኅደር ይሰፋለታል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ስሙ ለትውልድ የሚተርፈው አብዛኛውን ጊዜ ደራሲው ነው። ይሁንና ያለ ደጓሹና ያለ ማኅደር ሰፊው መጽሐፉ ከደብር ወደ ደብር ሊጓዝ፣ ከዝናብና ከብል ሊድን ባልቻለም ነበር። የቀድሞ ሰዎች ይህን በሚገባ ያውቁ ስለ ነበር በግዕዝ መጻሕፍት መጨረሻ ላይ የጻፈውን ብቻ ሳይሆን ያጻፈውንም፣ ማለትም የድካሙን ዋጋ የከፈለውን ሰው፣ በጸሎት እንዲታሰብ ስሙን ያሰፍሩ ነበር።

ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዘመናዊው የኮምፒዩተር ዓለም ውስጥ የደጓሹንና የማኅደር ሰፊውን ሙያ በሚመስል አንድ የሥራ ዘርፍ ላይ ነው። ሥራውም ማንም ሊገለገልበት፣ ሊመረምረውና ሊያሻሽለው የተፈቀደለትን ክፍት ሶፍትዌር፣ ተራው ሰው በራሱ ማሽን ላይ ያለ ችግር ሊያሠራው እንዲችል አድርጎ በጥቅል ማሰናዳት ነው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከመንግሥት በጀት ወይም ከባለጸጋ ካዝና ሳይሆን ከብዙ ሰዎች በጥቂት በጥቂቱ የተዋጣባቸው ጊዜያት አሉ። ታሪኩ በድሉ ብቻ ሳይሆን ባስነሣው ጥያቄም ያስተምራል። ሰው ለአዲስ ነገር ጅማሬ በደስታ እንደሚያዋጣ በተደጋጋሚ ታይቷል። ለተጀመረው ነገር ዘላቂ ጥበቃስ ማን ያዋጣል? ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲል ያስፈልጋል።

የጥቅል ሥራ ምንነት

አንድ ፕሮግራም በደራሲው ኮምፒዩተር ላይ በመሥራቱ ብቻ በሌላው ሰው ኮምፒዩተር ላይም ይሠራል ማለት አይቻልም። ፕሮግራሙ ብቻውን አይቆምም። መረጃውን የሚያስቀምጥበት የመረጃ ቋት፣ ከውጭ የሚመጣውን ጥያቄ የሚቀበልለት አገልጋይ ፕሮግራም፣ የተጠቃሚውን ማንነት የሚያጣራ ሥርዓት፣ ደብዳቤ የሚያመላልስ መሣሪያ፣ እንዲሁም ሌሎች ሰዎች የጻፏቸው ቁጥራቸው የበዛ ደጋፊ ፕሮግራሞች ያስፈልጉታል። ከእነዚህ የአንዱ ዕትም ሲለወጥ ሌላው ሊሰናከል ይችላል። ጥቅል አዘጋጁ እያንዳንዱን ክፍል ፈልጎ፣ አንዱን ከሌላው ጋር አስማምቶ፣ ባለቤቱ አንዲት ቁልፍ ተጭኖ እንዲገለገልበት አድርጎ ያቀርባል። ሥራው ሲሳካ አይታይም፤ የሚታየው ሲበላሽ ብቻ ነው።

ራስን በራስ ማስተናገድ የሚባለው ልማድ በዚህ ሥራ ላይ የቆመ ነው። ዛሬ አብዛኛው ሰው ደብዳቤውን፣ ፎቶግራፉን፣ የሥራ ሰነዱንና የቀጠሮ መዝገቡን የሚያስቀምጠው በጥቂት ታላላቅ ኩባንያዎች ማሽኖች ውስጥ ነው። ባለቤት ይባል እንጂ ቁልፉ በእጁ አይደለም። ኩባንያው አገልግሎቱን ሲያቋርጥ ወይም የአጠቃቀም ደንቡን ሲለውጥ ተጠቃሚው ከመቀበል ወይም ከመሄድ በቀር ምርጫ የለውም። ከዚህ ለመውጣት የሚሻ ግለሰብ፣ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ ወይም የኪነት ቡድን አንዲት ትንሽ ማሽን በቤቱ ወይም በቢሮው አቁሞ መረጃውን ራሱ ሊያስተናግድ ይችላል። ነገር ግን የማሽን አስተዳደር ሙያ የሌለው ሰው ይህን ሊያደርግ የሚችለው ሌላው አስቀድሞ በጥቅል ካሰናዳለት ብቻ ነው።

ነገሩ ለፊደላችንም ባዕድ አይደለም። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ሦስተኛ ዕትም ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል የታወቀ ቁጥር መሰጠቱ ታላቅ እርምጃ ቢሆንም፣ ቁጥሩ ብቻውን ፊደሉን በመስኮት ላይ አያሳይም። የፊደሉ ቅርጽ በማሽኑ ውስጥ ከሌለ አንባቢው የሚያየው ተራ በተራ የተደረደሩ ባዶ ሳጥኖችን ነው። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል የተባለው የፊደል ቅርጽ ዴቢያን በተባለው ነፃ የሶፍትዌር ክምችት ውስጥ ራሱን የቻለ ጥቅል ሆኖ ስለሚገኝ፣ በየትም አገር ያለ ሰው በአንዲት ትእዛዝ ወደ ማሽኑ ሊያስገባው ይችላል። ቅርጹን የቀረጸው አንድ ነው፤ በጥቅል ያስገባው ሌላ ነው። ሁለተኛው ባይኖር የአንደኛው ድካም ለብዙዎች ባልደረሰም ነበር።

መዋጮ ከኢንተርኔት በፊትና በኋላ

ለጋራ ጉዳይ ከብዙኃን ገንዘብ ማሰባሰብ ኮምፒዩተር የፈጠረው ነገር አይደለም። በ1885 የፈረንሳይ ሕዝብ ለአሜሪካ ያበረከተው የነፃነት ሐውልት የሚቆምበት መሠረት በገንዘብ እጦት ሳይፈጸም በቀረ ጊዜ፣ የ«ኒው ዮርክ ወርልድ» ጋዜጣ ባለቤት ጆሴፍ ፑሊትዘር አንባቢዎቹን እንዲያዋጡ ጠየቀ። ምንም ያህል ትንሽ ቢሰጡ የሰጪዎችን ስም በጋዜጣው ላይ እንደሚያወጣ ቃል ገባ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ሺህ በላይ ሰዎች ከ100 ሺህ ዶላር በላይ አዋጡ። ከሰጪዎቹ ብዙዎቹ ከአንድ ዶላር በታች የሰጡ ነበሩ። ሐውልቱም በ1886 ጥቅምት ወር ተመረቀ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተለይተው ይታያሉ። አንደኛው፣ የተጠየቀው ለሐውልቱ ሳይሆን ለመሠረቱ መሆኑ ነው። ሐውልቱ አስቀድሞ ተሠርቷል፤ የቀረው የሚያቆመው ነገር ነበር። የክፍት ሶፍትዌር ጥቅልም እንደዚሁ ነው፤ ፕሮግራሙ አለ፣ የሌለው የሚያርፍበት መሠረት ነው። ሁለተኛው፣ መሠረቱ አንድ ጊዜ ከተገነባ ገንቢውን በየወሩ አለመፈለጉ ነው። ከዚህ ላይ ነው የድንጋዩና የሶፍትዌሩ መንገድ የሚለያየው።

ሪቻርድ ስቶልማን ግኑ የተባለውን ነፃ የኮምፒዩተር ሥርዓት ለመሥራት ማቀዳቸውን ያስታወቁት በ1983 መስከረም ወር ነው። በ1985 ኢማክስ የተሰኘውን ፕሮግራማቸውን በቴፕ ቀድተው በ150 ዶላር ይሸጡ ጀመር። ፕሮግራሙ ነፃ ነው ሲባል ዋጋው ስለ ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ይኖራል። መልሱ ግልጽ ነው፤ ነፃ የሆነው የመጠቀም፣ የመመርመርና የማካፈል መብቱ ነው። ቀድቶና አሰናድቶ ማድረስ ግን ድካም ነው፤ ድካምም ዋጋ አለው። በዚህ የሥራ ዘርፍ ከጥንቱ ጀምሮ ክፍያው የተያያዘው ከድርሰቱ ጋር ሳይሆን ከማኅደሩ ጋር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1993 ነሐሴ ወር፣ ኢያን ሙርዶክ የተባለ ወጣት ዴቢያንን መሠረተ። የዴቢያን ሐሳብ ጥቅልን የሥራው ማዕከል ማድረግ ነበር። እያንዳንዱ ፕሮግራም አንድ ኃላፊ አለው፤ ኃላፊው በፈቃደኝነት ይሠራል፤ ሁሉም ለአንድ የጋራ ደንብ ይገዛል። ይህ ድርጅት ገንዘብ ሳይከፍል በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ጥቅሎችን ለዓለም ለማቅረብ በቅቷል። ዛሬ ራስን በራስ ለማስተናገድ ከተሠሩት መድረኮች ብዙዎቹ የቆሙት በዚህ መሠረት ላይ ነው።

የኮምፒዩተር ሶፍትዌር በሕዝብ መዋጮ ነፃ የወጣበት የመጀመሪያው ጉልህ ምሳሌ ግን ከዚያ ዘግይቶ የመጣ ነው። ብሌንደር የተባለው የሥዕልና የአኒሜሽን ፕሮግራም ባለቤት የነበረው የኔዘርላንድስ ኩባንያ በ2002 ሥራውን አቋረጠ። የፕሮግራሙ ፈጣሪ ቶን ሮዘንዳል ከባለገንዘቦቹ ጋር ተነጋግረው 100 ሺህ ዩሮ ከተገኘ ፕሮግራሙ ለሕዝብ እንዲለቀቅ ተስማሙ። ዘመቻው በሐምሌ ወር ተጀምሮ በሰባት ሳምንት ውስጥ ግቡን መታ፤ በጥቅምት 13 ቀን 2002 ፕሮግራሙ በነፃ ፈቃድ ወጣ። ከሃያ ሁለት ዓመታት በኋላ በ2025 የአካዳሚ ሽልማት በአኒሜሽን ፊልም ያሸነፈው «ፍሎው» የተሰኘው የላትቪያው ዳይሬክተር ጊንትስ ዚልባሎዲስ ፊልም የተሠራው በዚሁ ብሌንደር ነበር። ለኪነ ጥበብ ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በትንሽ አገር ያለ ትንሽ ቡድን የታላላቆቹን ስቱዲዮዎች ዋጋ ሳይከፍል ከእነርሱ ጋር ሊወዳደር የቻለው ብዙ ሰዎች አስቀድመው በጥቂት በጥቂቱ ስላዋጡ ነው።

ሆኖም የብሌንደርን ድል ስንመለከት ከመዋጮው በኋላ የሆነውን መዘንጋት አይገባም። ሮዘንዳል ገንዘቡን ከማሰባሰባቸው አስቀድሞ ቋሚ ተቋም መሥርተው ነበር። የሰባት ሳምንቱ ዘመቻ በሩን ከፈተ፤ በሩን ከፍቶ ያቆየው ግን ተቋሙ ነው።

ገንዘብ በበጎ ፈቃደኞች መካከል

ለፈቃደኛ ሠራተኛ ገንዘብ መክፈል መልካም ነው ወይስ ጎጂ? ይህ ጥያቄ በ2006 ዴቢያንን ክፉኛ አናውጦታል። በዚያ ዓመት የድርጅቱ መሪ የነበሩት አንተኒ ታውንስና ባልደረቦቻቸው ደንክ ታንክ የተባለ ውጥን አቀረቡ። ውጥኑ «ኤች» የተሰኘው አዲሱ የዴቢያን ዕትም በታኅሣሥ ወር እንዲደርስ፣ የዕትሙ ኃላፊዎች ለነበሩት ሁለት ሰዎች ከመዋጮ በሚገኝ ገንዘብ ለተወሰነ ጊዜ ደሞዝ መክፈል ነበር።

ሐሳቡ ቀና ይመስላል። ነገር ግን ከሥራው ባልደረቦች ብዙዎቹ ቅር ተሰኙ። ለሁለት ሰዎች ሲከፈል፣ ለዓመታት በነፃ የደከሙት የሌሎቹ ሥራ ምን ዋጋ ተሰጠው ተብሎ ተጠየቀ። አንዳንዶች ሥራቸውን አቀዘቀዙ፤ መሪውን ከሥልጣን ለማውረድ ድምፅ እስከ መስጠት ተደረሰ፤ ሐሳቡ ግን ድጋፍ አላገኘም። ዕትሙም በታኅሣሥ ሳይሆን በሚያዝያ 2007 ወጣ።

ከዚህ ታሪክ ገንዘብ ሁልጊዜ ያበላሻል የሚል ትምህርት መውሰድ ግን ስሕተት ይሆናል። በገጠር ደቦ የተጠራ ጎረቤት ለጉልበቱ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ባለቤቱ ለአንዱ ብቻ በስውር ቢከፍል ግን ሌላው ማጭዱን ጥሎ ይሄዳል። የሚያስቀይመው ክፍያው ሳይሆን የአከፋፈሉ ሥርዓት ነው። ዴቢያንም ይህን ከጊዜ በኋላ የተረዳው ይመስላል። በ2014 ለቆዩ ዕትሞች የረዥም ጊዜ ጥበቃ ሲያስፈልግ፣ ፍሬክሲያን የተባለ ድርጅት ከልዩ ልዩ ኩባንያዎች በየጊዜው መዋጮ እየሰበሰበ፣ ለሥራው ለተመዘገቡት ባለሙያዎች በሰዓት ሒሳብ ይከፍል ጀመር። ሒሳቡ በግልጽ ስለሚታወቅ፣ ክፍያውም ሌላው በፈቃዱ ለማይሠራው አሰልቺ ሥራ ስለሆነ የ2006 ዓይነት ቁጣ አልተነሣም።

ከ2010 እስከ 2014፤ የታላቁ ተስፋ ዘመን

ኢንዲጎጎ በ2008፣ ኪክስታርተር በ2009 ከተቋቋሙ ወዲህ ማንኛውም ሰው ሐሳቡን ለዓለም አቅርቦ መዋጮ መጠየቅ ቻለ። በየካቲት 2010 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር ኤበን ሞግለን በኒው ዮርክ ባደረጉት ንግግር፣ ሰው ነፃ አገልግሎት በመሻት ግላዊ ሕይወቱን አሳልፎ እየሰጠ መሆኑን ከገለጹ በኋላ፣ መፍትሔው በየሰው ቤት የምትቆም አንዲት ትንሽ ርካሽ አገልጋይ ማሽን መሆኗን አስረዱ።

ንግግሩን የሰሙ አራት የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲያስፖራ የተባለ ማኅበራዊ መድረክ ሊሠሩ ተነሡ። የጠየቁት 10 ሺህ ዶላር ነበር። 6,479 ሰዎች 200,641 ዶላር ሰጧቸው። የሞግለን ሐሳብ ደግሞ ፍሪደምቦክስ በሚል ስም በየካቲት 2011 ለመዋጮ ቀርቦ፣ የተጠየቀውን 60 ሺህ ዶላር በአምስት ቀን ውስጥ አግኝቶ በመጨረሻ ከ86 ሺህ ዶላር በላይ ሰበሰበ። የሁለቱ መንገድ ግን ተለያየ። የዲያስፖራ መሥራቾች ሥራውን በ2012 ለፈቃደኛ ተከታዮች አስረከቡ። ፍሪደምቦክስ በበኩሉ ሁሉንም ነገር ከራሱ ከመጀመር ይልቅ ጥቅሎቹን በዴቢያን ውስጥ ማስገባትን መረጠ። ስለዚህ በዝግታ ቢጓዝም አልወደቀም። የተደገፈበት ግድግዳ ከእርሱ በፊት የቆመ ነበርና።

በ2014 በጋ የተጀመረው የሳንድስቶርም ዘመቻ ለጉዳያችን ከሁሉ የቀረበ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ኬንተን ቫርዳ ቀድሞ በጉግል ይሠሩ የነበሩ መሐንዲስ ናቸው። ዓላማቸው የማሽን አስተዳደር የማያውቅ ሰው የሰነድ መጻፊያ፣ የውይይት፣ የብሎግና የሌላም ሥራ ፕሮግራሞችን በስልክ ላይ አፕሊኬሽን እንደሚጭን ያህል በቀላሉ በራሱ አገልጋይ ማሽን ላይ እንዲጭን ማስቻል ነበር። በኢንዲጎጎ በኩል ለሕዝብ ባቀረቡት ጥሪ ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ተሰበሰበ።

የሳንድስቶርም አሠራር ልዩ ነበር። እያንዳንዱ ሰነድ ለብቻው በታጠረ ክፍል ውስጥ ይኖራል፤ «ግሬን» ማለትም ቅንጣት ይባላል። ባለቤቱ ካልፈቀደ ፕሮግራሙ ከክፍሉ ወጥቶ ከሌላ ጋር ሊነጋገር አይችልም። የመግቢያ ፈቃድ የሚያጣራው ፕሮግራሙ ሳይሆን መድረኩ ራሱ ነው። ጥቅሉን የሚያዘጋጀው ባለሙያ ፕሮግራሙን አስነሥቶ ይሞክረዋል፤ መሣሪያው ፕሮግራሙ የነካቸውን ፋይሎች ሁሉ እየተከታተለ ይመዘግባል፤ የተመዘገቡት ብቻ በአንድ ጥቅል ይታሰራሉ።

ይህ አሠራር ሁለት ገጽታ ነበረው። በአንድ በኩል ለተጠቃሚው ከፍ ያለ ደኅንነት ሰጠ። በአንድ ፕሮግራም ውስጥ የተገኘ ስንጥቅ የሌላውን ግድግዳ አያፈርስም፤ የመግቢያ ፈቃድ ያልተሰጠው ሰውም ወደ ቅንጣቱ መድረስ ስለማይችል ብዙው ጥቃት ከደጅ ይመለሳል። በሌላ በኩል ለጥቅል አዘጋጁ ከባድ ሸክም ጫነ። ለተለመደው አገልጋይ ማሽን የተጻፈ ፕሮግራም የራሱን የመግቢያ ሥርዓት ትቶ የመድረኩን እንዲቀበል፣ በየሰነዱ ተከፋፍሎ እንዲሠራ መለወጥ ነበረበት። የፕሮግራሙ ደራሲ ለውጡን ካልተቀበለው ደግሞ፣ አዲስ ዕትም በወጣ ቁጥር ጥቅል አዘጋጁ ያንኑ ድካም እንደገና ይደክማል።

ኩባንያው ከሕዝብ መዋጮው በተጨማሪ ከባለሀብቶች ገንዘብ ቢያገኝም፣ ገቢው ወጪውን መሸፈን አልቻለም። በ2017 መጀመሪያ ሥራውን ለፈቃደኛ ተከታዮች እንደሚተው አስታወቀ፤ ባልደረቦቹም ወደ ክላውድፍሌር ኩባንያ ተዛወሩ። ኦዋሲስ የተባለው በክፍያ የሚያስተናግደው አገልግሎት በ2019 መጨረሻ ተዘጋ። ፕሮግራሙ ክፍት ስለ ነበር አልሞተም፤ ጥቂት ወዳጆች እየተንከባከቡት ቆይተዋል። ነገር ግን ከጥቅሎቹ ብዙዎቹ ከዋናው ፕሮግራም በዓመታት ወደ ኋላ ቀሩ። ማኅደሩ ተሰፍቶ ነበር፤ የሚጠግነው እጅ ግን አነሰ።

መዋጮው ምንን ሊገዛ ቻለ?

የእነዚህን ዘመቻዎች ታሪክ ጎን ለጎን ስናስቀምጥ አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። የአንድ ጊዜ መዋጮ የሚገዛው አንድ ጊዜ የሚያልቅ ነገርን ነው። የብሌንደር መብት አንድ ጊዜ ከተለቀቀ ተለቀቀ። በ2012 ራፋኤል ኸርትዞግና ሮላን ማስ የዴቢያን አስተዳደር መጽሐፋቸውን ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመው በነፃ ፈቃድ ያወጡት በአንባቢዎች መዋጮ ነበር፤ ያም መብት አንድ ጊዜ ከተሰጠ ተመልሶ አይወሰድም። የሐውልቱ መሠረትም እንዲሁ ነው። ጥቅል ግን እንደ ሣር ክዳን ነው። ጎጆው የፈለገውን ያህል በደቦ በአንድ ቀን ቢከደን፣ በየጊዜው የሚጠግነው ከሌለ ክረምቱ ሲመጣ ያፈሳል።

ጉዳቱም የምኞት መቅረት ብቻ አይደለም። ጥቅሉን የሚጠብቀው ሰው ሲሄድ ተጠቃሚው ወዲያው አያውቅም። ማሽኑ እየሠራ ነው፤ ሰነዱ ይከፈታል፤ ደብዳቤው ይላካል። ነገር ግን በፕሮግራሙ ውስጥ አዲስ ስንጥቅ ሲገኝ የሚደፍንለት የለም። የሕሙማን መዝገብ የያዘ ክሊኒክ ወይም የተማሪዎችን ውጤት የያዘ ትምህርት ቤት ከታላላቆቹ ኩባንያዎች ለመሸሽ ሲል በሩ ባልተዘጋ ቤት ውስጥ ሊያድር ይችላል። ስለዚህ ጥቅልን ጀምሮ መተው ካለመጀመር የከፋ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

በሚያዝያ 2014 ይፋ የሆነው «ኸርትብሊድ» የተባለው ስንጥቅ ይህን ለዓለም አሳየ። ስንጥቁ የተገኘው በኢንተርኔት ላይ ያለውን የምስጢር ልውውጥ አብዛኛውን ክፍል በሚጠብቀው ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል በተባለ ክፍት ፕሮግራም ውስጥ ነበር። ሰው ሁሉ የሚገለገልበት ይህ ፕሮግራም በጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ የቆመ እንደ ነበረና በስጦታ ያገኘው የነበረው ገንዘብ በዓመት ወደ 2 ሺህ ዶላር ብቻ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ታወቀ። ከዚያ በኋላ ታላላቅ ኩባንያዎች ለእንዲህ ዓይነቶቹ መሠረቶች የጋራ ገንዘብ ያዋጡ ጀመር። የሚያሳዝነው ግን ቤቱ ሳይቃጠል ስለ ውኃ ጉድጓዱ የሚያስብ አለመገኘቱ ነበር።

የመዋጮ ዘመቻ በጠባዩ አዲስና አጓጊ ነገርን ይወዳል። «ከዚህ በፊት ያልታየ» የሚል ጥሪ ጆሮ ያገኛል፤ «ያለውን እንዳይበላሽ እንጠብቅ» የሚል ጥሪ ግን ብዙ ሰሚ የለውም። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ጥቅል ለየብቻው መዋጮ ቢጠየቅ ደግሞ፣ ብዙ ወዳጅ ያለው ፕሮግራም በቶሎ ይሰናዳል፤ ጥቂት ተጠቃሚ ያለው፣ ምናልባትም ለአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች ወይም ለአንድ ሙያ ብቻ የሚያስፈልገው፣ ወረፋው ሳይደርስ ይቀራል። የብዙኃን መዋጮ የብዙኃንን ምርጫ ተከትሎ ስለሚሄድ የጥቂቶችን ፍላጎት ለማሟላት ሌላ ሥርዓት ያስፈልገዋል።

ሌላ ሥርዓት አለመኖሩ ግን እውነት አይደለም። በ2012 በፈረንሳይ የተጀመረው ዩኖሆስት የተባለው መድረክ በዴቢያን ላይ ቆሞ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ፕሮግራሞችን በፈቃደኞች እጅ በጥቅል አሰናድቷል። ከሥራው ልማዶች አንዱ ለእያንዳንዱ ጥቅል የጥራት ደረጃ መስጠት ነው። ጥቅሉ በትክክል መጫኑ፣ ወደ አዲስ ዕትም መሸጋገሩ፣ መረጃው ተቀድቶ መመለሱ በማሽን እየተፈተነ በቁጥር ይገለጻል። ደረጃው የወደቀ ጥቅል ለሁሉም ይታያል። በዚህም የማይታየው የጥቅል አዘጋጁ ሥራ እንዲታይ፣ የተተወውም እንዲታወቅ ሆኗል። መድረኩ ከተጠቃሚዎች ስጦታ በተጨማሪ ኤንኤልኔት ከተባለው የኔዘርላንድስ ድርጅት ለተወሰኑ ሥራዎች ድጋፍ አግኝቷል።

የታሪኩ ፍርድ

የአገራችን ሰው የጋራን ሥራ በሁለት የተለያዩ ሥርዓቶች ሲሠራ ኖሯል። አንደኛው ደቦ ነው። አጨዳ ሲደርስ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ጠላ ተጠምቆ፣ በዘፈንና በሆታ በአንድ ቀን የብዙ ቀን ሥራ ይሠራል። ሁለተኛው ዕድር ነው። ዕድር ሆታ የለውም። ሁሉም በየወሩ ጥቂት ያዋጣል፤ ዳኛና ገንዘብ ያዥ ይመረጣል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ዕቃው ተቆጥሮ ይመዘገባል። ያዋጣው ሰው ለብዙ ዓመታት ምንም ሳያገኝ ሊኖር ይችላል። ኀዘን በመጣ ቀን ግን ድንኳኑ ሳይጠራ ይተከላል።

ከላይ የተመለከትነው ታሪክ የሚያሳየው፣ የክፍት ሶፍትዌር ወዳጆች በደቦ እጅግ የሠለጠኑ፣ በዕድር ግን ገና ጀማሪዎች መሆናቸውን ነው። ዲያስፖራን በ200 ሺህ ዶላር ያስጀመረው ደቦ ነበር። ሳንድስቶርምን ያስነሣው ደቦ ነበር። ብሌንደርን ያቆየው፣ የዴቢያንን የቆዩ ዕትሞች የሚጠብቀው፣ የዩኖሆስትን ጥቅሎች በየጊዜው የሚፈትነው ግን የዕድር ጠባይ ያለው ሥርዓት ነው፤ የታወቀ መዋጮ፣ የታወቀ ተጠያቂ፣ የታወቀ ሒሳብ።

ደቦን መናቅ አይገባም። ያለ ደቦ አጨዳው በጊዜው አይደርስም፤ ያለ 2002ቱ ዘመቻም ብሌንደር ዛሬ ባልኖረ ነበር። ነገር ግን ለጥቅል ሥራ መዋጮ የሚጠይቅ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ሁለት ሒሳብ ማቅረብ ይኖርበታል። አንደኛው ጥቅሉን ለማሰናዳት የሚያስፈልገውን፣ ሁለተኛው ተሰናድቶ ካለቀ በኋላ በየዓመቱ ለመጠበቅ የሚያስፈልገውን ነው። የሚያዋጣውም ሰው ስለ ሁለተኛው ሒሳብ ሊጠይቅ ይገባዋል። ሁለተኛው ሒሳብ በሌለበት የመጀመሪያው ክረምት እስኪገባ ድረስ ብቻ የሚያገለግል ጎጆ ነው።

የጥንት መጻሕፍቶቻችን ዘመናትን ተሻግረው ለእኛ የደረሱት አንድ ጊዜ በሚገባ ስለ ተደጎሱ ብቻ አይደለም። በየዘመኑ የተበጠሰውን የሚሰፋ፣ የላላውን የሚያጠብቅ፣ ያረጀውን ማኅደር በአዲስ የሚተካ ሰው ስለ ተገኘ ነው። የዚያ ሰው ስም በመጽሐፉ ኅዳግ ላይ እምብዛም አይገኝም። መጽሐፉ ዛሬም መነበቡ ግን ሥራውን ይመሰክርለታል።